የእድገት ሰንጠረዡ ላይ ያሉትን ዕድሜዎች ምን ያህል ልመናቸው? (ከፅንስ እስከ ጉርምስና)

ንባብ_ወዳዷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የእድገት ሥነ ልቦና ኮርስ እየወሰድኩ ነው። ከፅንስ እስከ ጉርምስና ያለውን ክፍል ጨርሰን ፈተናው ደርሷል። ደረጃዎቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ፒያዤ ለልጅ አስተሳሰብ እድገት ያስቀመጣቸው 4 ደረጃዎች፣ ኤሪክሰን ለማንነትና ለማኅበራዊ እድገት ያስቀመጣቸው 8፣ የቁርኝት (ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር የሚፈጥረው ትስስር) ዓይነቶች፣ ሁሉም አለ። ግራ የገባኝ ዕድሜው ላይ ነው።

ለምሳሌ አንድ ሕፃን ከዓይኑ የተሰወረ ዕቃ አሁንም መኖሩን የሚረዳው በ8 ወሩ ገደማ ነው ተብለናል። ሁለት ገጽ ዝቅ ስንል ደግሞ የ5 ወር ሕፃንም ያውቃል የሚል ጥናት መጣ። የቱን ነው የምይዘው? ዕድሜው እንዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ ደረጃ የሚባለው ነገር ራሱ ምን ፋይዳ አለው?

የምጠይቀው ለውጤት ብዬ ብቻ አይደለም። የእህቴ ልጅ 13 ወር ሆኖት ገና አልሄደም። እህቴ የምማርበትን ሰንጠረዥ ካየች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ምን ልበላት?

የመንትዮች_አባት፦

እህቴ፣ ፒያዤን ሌሎች ይመልሱልሽ። እኔ ከእህትሽ ልጀምር፣ ጭንቀቷ ስለሚገባኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ጥናት አለ። ሳይደገፉ መሄድ የጀመሩበት ዕድሜ ከ8.2 ወር እስከ 17.6 ወር የተዘረጋ ነው። በመካከሉ ዘጠኝ ወር አለ። ሁሉም ጤነኞች ናቸው። እንዲያውም 4 ከመቶ የሚሆኑት በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ነው ወደ መሄድ የተሻገሩት። ሰንጠረዡ ላይ «12 ወር» ተብሎ የተጻፈው መሀል ላይ ያለው ቁጥር ነው። ከዚያ የዘገየ ሁሉ ችግር አለበት ማለት አይደለም።

የእኔ መንትዮች አንድ ቀን ተወልደው አንድ ቤት ነው ያደጉት። አንዷ ቤቱን ስታካልል ሌላዋ ገና ትድህ ነበር። ዛሬ ሲሮጡ ያየ ሰው ማን እንደቀደመች አይለይም።

ግን ጆሮ ዳባ ልበስ በይ ማለቴ አይደለም። 18 ወር ሞልቶት ካልሄደ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ይችለው የነበረውን ነገር ከተወ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። የቻሉትን መተው ከመዘግየት ይልቅ አሳሳቢ ነው።

ንባብ_ወዳዷ፦

አንጀቴን አራስከው ወንድሜ። አሁኑኑ እልክላታለሁ።

የክፍሉ_መምህር፦

እኔ ወደ ፒያዤ ልምጣ። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የተለያየው ሕፃኑ የተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ፒያዤ መጫወቻ ያሳይና ሕፃኑ እያየ በጨርቅ ይሸፍነዋል። ሕፃኑ ጨርቁን ገልጦ ከፈለገ «ያውቃል»፣ ካልፈለገ «አያውቅም» ተብሎ ይመዘገባል። እስቲ ልብ በይ፣ ይህን ለማድረግ ሕፃኑ ምን ምን መቻል አለበት? መጫወቻው መኖሩን ማስታወስ፣ መፈለግ፣ እጁን መዘርጋት፣ ጨርቁን መያዝ፣ ማንሳት፣ ከዚያ ደግሞ ጨርቁን ጥሎ መጫወቻውን መያዝ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ፈተናውን ይወድቃል።

ረኔ ቤላርዦንና ባልደረቦቿ በ1985 እጁን ተዉትና ዓይኑን ጠየቁት። ጠረጴዛ ላይ የተኛች ሰሌዳ አለች። ቀና ትልና ወደ ኋላ ተገልብጣ ትተኛለች። ሕፃኑ ይህን እያየ እስኪሰለች ይደጋገምለታል። ቀጥሎ ከሰሌዳዋ ኋላ ሣጥን ይቀመጣል። ሰሌዳዋ ቀና ስትል ሣጥኑን ትጋርደዋለች። አንዳንዴ ሰሌዳዋ ሣጥኑ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። አንዳንዴ ደግሞ በተንኮል ሣጥኑ በድብቅ ስለሚነሳ፣ ምንም እንደሌለ ሁሉ አልፋ ትተኛለች። የ5 ወር ሕፃናት ይህን ሁለተኛውን ረዘም ላለ ጊዜ አፈጠው አዩት። ሣጥኑ ባይታይም እዚያ እንዳለ ካልጠበቁ የሚያስገርማቸው ነገር አልነበረም።

ይህን አተረጓጎም የማይቀበሉ ተመራማሪዎች አሉ። ማፍጠጥ ማወቅን አያሳይም፣ ዓይናቸውን የሳበው እንቅስቃሴው ብቻ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ውሃ የሚያነሳ ክርክር ነው፣ እስከ ዛሬም አልተዘጋም። ለፈተናሽ ግን ይህን ያዢ፦ 8 ወር «በእጁ ይፈልጋል» ለሚለው መልስ ነው፣ 5 ወር «በዓይኑ ይጠብቃል» ለሚለው። ዕድሜ ብቻውን ምንም አይናገርም። በምን እንደተለካ ሁልጊዜ ጠይቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፒያዤ ራሱ ያየው ነው። የ9 ወር ገደማ ሕፃን ከቀኝ ጨርቅ ሥር መጫወቻ ደጋግሞ ያገኛል። ከዚያ ዓይኑ እያየ መጫወቻውን ከግራው ሥር ብትደብቂው፣ እጁን የሚሰደው ወደ ቀኙ ነው። እውቀቱ አንድ ሌሊት ተጠቅልሎ አይመጣም። ቁርጥራጩ ቀድሞ ይመጣል፣ መገጣጠሙ ወራት ይፈጃል።

የኮሌጅ_ልጅ፦

መምህር እናመሰግናለን! እኛ ክፍል ሰሌዳዋን በሥዕል ብቻ ነበር ያየናት፣ አሁን ገባኝ።

አዋላጅ_ነርስ፦

መምህር ያሉት በሙሉ ይስማማኛል። ነገር ግን ከፅንስ እንጀምር ከተባለ፣ ቀኑ በትክክል የሚቆጠርበት ወቅት እንዳለ መረሳት የለበትም። ያም እርግዝና ነው።

ከተፀነሰ ጀምሮ ያሉት 2 ሳምንታት የመጀመሪያው ወቅት ናቸው። ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት የሽል ወቅት ይባላል፣ ዋና ዋና አካላት የሚሠሩበት ነው። ከ9ኛው ሳምንት እስከ መወለድ ደግሞ ያደገው ፅንስ ወቅት ነው። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ሆድ ገፍቶ ሲታይ ነው። ትልቁ ሥራ ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው የሚሠራው። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አላረጋገጡም። ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን በቀን 400 ማይክሮግራም ከእርግዝና በፊት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ይወሰድ የሚባለው ለዚህ ነው። ማርገዟን አውቃ ከመጣች በኋላ ስንሰጣት ለነርቭ ቱቦው ብዙ ጊዜ አልፏል። ይህን ለእያንዳንዷ ልጅ መውለድ ለምታስብ ሴት መናገር እፈልጋለሁ፣ ያንገበግበኛል።

የታሊዶማይድን ታሪክ ምናልባት ተምራችሁታል። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ የቀረበ ማስታገሻ ነበር። እርጉዞች ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ነበር። በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪወጣ ከ10,000 በላይ ልጆች የአካል ጉዳት ደርሶባቸው ተወለዱ። ጉዳቱ የሚደርሰው ልጁ ከተፀነሰ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ገደማ ባለው ጊዜ እናትየው ከወሰደችው ነው። በዚያ ጠባብ መስኮት ውስጥም ቀኑ ለውጥ አለው። ቀደም ብላ ከወሰደችው ጆሮ ይጎዳል፣ ጥቂት ቀን ቆይታ ከወሰደችው እጅ። አንድ ዓይነት ክኒን ነው፤ ጉዳቱን የሚወስነው በዚያን ቀን እየተሠራ ያለው አካል ነው። ወሳኝ ወቅት የሚባለው በጥሬው ይህ ነው።

ቀጥተኛው፦

እህት አዋላጅ የጻፈችው የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል። ሁሉም ነገር መጀመሪያ ላይ ነው የሚያልቀው። የመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ከተበላሹ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ማባበያ ነው። የነርቭ ቱቦ ከተዘጋ እንደማይከፈት ሁሉ የልጅ አእምሮም ያው ነው። ወላጆች ይህን በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። «ግድ የለም፣ ይስተካከላል» እያልን እናዘናጋቸዋለን።

የክፍሉ_መምህር፦

ወንድሜ፣ መነሻህ ለልጆች መቆርቆር መሆኑ ይታየኛል። ነገር ግን ከነርቭ ቱቦ ወደ አእምሮ በአንድ እርምጃ መሻገር አይቻልም። አካል ሲሠራ መስኮቱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በባሕርይና በአእምሮ እድገት ግን ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ስሱ ወቅት ነው። ያኔ መማር ይቀላል። ካለፈ ይከብዳል እንጂ በሩ አይቆለፍም።

ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው የቡካሬስቱ ጥናት ነው። በሩማንያ መንግሥታዊ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ ብዙ ልጆች ያለ በቂ ተንከባካቢ ያድጉ ነበር። ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚና በ2000 ጀምረው 136 ሕፃናትን አጠኑ። በዕጣ ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሄዱ። ሌሎቹ በተለመደው አያያዝ ቀጠሉ፣ በዚያ ምክንያት ግን ማንም ቤተሰብ ከማግኘት አልተከለከለም። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ችሎታም በቁርኝትም በልጠው ተገኙ። 2 ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ደግሞ ይበልጥ።

አንተ ከዚህ «2 ዓመት ሳይሞላ» የሚለውን ትይዛለህ፣ ልክ ነህ። እኔ ደግሞ «በልጠው ተገኙ» የሚለውንም እይዛለሁ። የተጎዳ ልጅ ተሽሎታል። በ3 ዓመቱ ያለቀለት ነው ብለን ብናምን ኖሮ ለ4 ዓመቱ ልጅ ቤተሰብ የሚፈልግለት ማን ነው? ይህ ለእኔ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ቀጥተኛው፦

መምህር፣ የመጨረሻውን ጥያቄ አስብበታለሁ። አሁንም ግን ቀድሞ መድረስን የሚተካ የለም እላለሁ።

የክፍሉ_መምህር፦

በዚህስ አንለያይም።

የኮሌጅ_ልጅ፦

ቁርኝት ከተነሳ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቁርኝትን ያጠናችው ኤንስዎርዝ ባዘጋጀችው ሙከራ እናቱ ስትወጣ የሚያለቅሰው ልጅ ነው ጥሩ ቁርኝት የሌለው አይደል? ጓደኞቼ ተቃራኒውን ይላሉ።

ንባብ_ወዳዷ፦

ይህን እኔ ልሞክረው፣ ለፈተናም ይጠቅመኛል። ማልቀሱ አይደለም የሚታየው። ልጁ ከ12 እስከ 18 ወር ነው። እናቱ ጋር ወደማያውቀው ክፍል ይገባል፣ የማያውቁት ሰው ይመጣል፣ እናቱ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። በ8 ክፍል የተከፈለ ነው፣ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ። ዋናው የሚመዘነው ስትመለስ የሚያደርገው ነው።

አንዱ ስትወጣ ጮሆ ያለቅሳል፣ ስትመለስ እጁን ይዘረጋል፣ ታቅፈዋለች፣ ይረጋጋል፣ ተመልሶ ይጫወታል። አስተማማኝ ቁርኝት ማለት ይህ ነው። ሌላው ላያለቅስም ይችላል፣ ስትመለስ ግን ፊቱን ያዞራል፣ መጫወቻው ላይ ያቀረቅራል። ሸሺ የሚባለው ይኼ ነው። ሦስተኛው እቅፍ ይፈልጋል፣ ሲታቀፍ ደግሞ ይገፋል፣ ማልቀሱንም አይተውም። ሜይንና ሶሎሞን በ1986 አራተኛ ጨምረዋል፤ ወጥ የሆነ አካሄድ የሌለው፣ ወደ እናቱ እየመጣ መሀል ላይ ደርቆ የሚቀር ልጅ ነው።

ኤንስዎርዝ ይህን ሙከራ ከማዘጋጀቷ በፊት በ1950ዎቹ ዩጋንዳ ውስጥ እናቶችና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታይ ነበር። ስለዚህ ሐሳቡ ከቤተ ሙከራ ብቻ የመጣ አይደለም። ተሳስቼ ከሆነ መምህር ያርሙኝ።

የክፍሉ_መምህር፦

የሚታረም የለውም። ፈተናውን አትፍሪው።

የመንትዮች_አባት፦

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሕፃን ፊታችንን የሚያነበው ነገር ነው። በ1985 የታተመ አንድ ሙከራ አለ። የ12 ወር ሕፃናት በመስታወት የተሸፈነ ወለል ላይ ይደረጋሉ። ከመስታወቱ ሥር ወለሉ መሀል ላይ ዝቅ ስለሚል ገደል ያለ ይመስላል፣ ግን በጣም ጥልቅ አይደለም፣ አጠራጣሪ ያህል ነው። እናትየው ከወዲያኛው ጫፍ ሆና ያለ ድምፅ በፊቷ ብቻ ትነግረዋለች። ፈገግ ካሉት እናቶች 19 ልጆች 14ቱ ተሻገሩ። የፍርሃት ፊት ካሳዩት 17 ልጆች አንድም አልተሻገረም።

አንድም! ከዚያ በኋላ ልጆቼ ሲወድቁ መጀመሪያ ፊቴን ነው የማስተካክለው።

በነገራችን ላይ መውደቅን አትፍሩላቸው። ካረን አዶልፍና ባልደረቦቿ በ2012 እንዳሳዩት፣ ከ12 እስከ 19 ወር ያለ ሕፃን በነፃነት ሲጫወት በሰዓት በአማካይ 2,368 እርምጃ ይራመዳል፣ 17 ጊዜ ይወድቃል። በቀን ምን ያህል እንደሚሆን አስሉት።

የመዋዕለ_ሕፃናት_አስተማሪ፦

ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለውን ማንም አልነካውም። የእኔ ዓለም እሱ ነው፣ ስለዚህ ፍቀዱልኝ።

ሁለት ረድፍ ጠጠር እኩል ታደርጊና «የትኛው ይበዛል?» ትያለሽ። «እኩል ነው» ይላል። ዓይኑ እያየ አንዱን ረድፍ ዘርጋ ዘርጋ ታደርጊና እንደገና ትጠይቂዋለሽ። «ይኼኛው ይበዛል።» የፒያዤ ትርጓሜ ልጁ ብዛት እንደማይለወጥ ገና አልተረዳም የሚል ነው። በ1974 ማክጋሪግልና ዶናልድሰን ያንኑ ፈተና በአንዲት ነገር ብቻ ለወጡት። ረድፉን የሚያበላሸው ትልቁ ሰው ሳይሆን «አስቸጋሪ» የተባለ የድብ አሻንጉሊት ሆነ። ከ4 እስከ 6 ዓመት ከነበሩት ልጆች ብዙዎቹ አሁን «እኩል ነው» አሉ።

ለምን? ከልጁ ቦታ ሆነሽ እዪው። ትልቅ ሰው ሆን ብሎ አንድ ነገር ቀይሮ ያንኑ ጥያቄ ሲደግምልሽ፣ መልሴ ይቀየር ማለቱ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ። ልጁ የሚመልሰው ለጠጠሩ ብቻ ሳይሆን ለሰውዬውም ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ልጅ ትክክል ሲመልስ «እርግጠኛ ነህ?» ብዬ አልደግምበትም።

የሌላውን ሰው ሐሳብ መረዳትም እንደዚሁ። ልጅቷ ኳሷን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ወጣች፣ ሌላዋ ወደ ሣጥን አዛወረችው። ስትመለስ የት ትፈልገዋለች? የ3 ዓመት ልጅ «ሣጥን» ይላል፣ ኳሱ ያለው እዚያ ነዋ። ወደ 4 እና 5 ዓመት ሲጠጋ «ቅርጫት» ማለት ይጀምራል። እሱ የሚያውቀውን እሷ እንደማታውቅ ገባው። ከዚህ በኋላ የልጁ ጨዋታ፣ ምስጢሩ፣ ውሸቱ ሳይቀር ይለወጣል። የ3 ዓመቱ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ «ተደብቄያለሁ» ሲል ራስ ወዳድ ሆኖ አይደለም።

ንባብ_ወዳዷ፣ ለጥያቄሽ የሥነ ልቦና ሊቁን ቪጎትስኪን አትርሺው። ልጁ ብቻውን የሚችለው አለ፣ ከሚያግዘው ሰው ጋር የሚችለው አለ። ለእሱ ዋናው ነገር በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ሰንጠረዦቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚለኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የጎረምሳ_እናት፦

በትዕግሥት ሳነብ ነበር፣ አሁን የእኔን ልንገራችሁ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ስናወራ ከእኔ በላይ ያስባል። አደጋውን አንድ በአንድ ይዘረዝርልኛል። ከጓደኞቹ ጋር ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው። በሞተር ሳይክል ሦስት ሆነው ሲበሩ ሰዎች አይተው ነገሩኝ። እየዋሸኝ ነው ወይስ ምንድን ነው? ሆዴ ባር ባር እያለው ነው የማድረው።

የክፍሉ_መምህር፦

እህቴ፣ የሚዋሽሽ አይመስለኝም። ሁለቱም እሱ ናቸው።

ጋርድነርና ስታይንበርግ በ2005 ያሳተሙት ጥናት 306 ሰዎችን በሦስት የዕድሜ ክፍል መድቦ የመኪና ጨዋታ አጫወታቸው። ከ13 እስከ 16፣ ከ18 እስከ 22፣ እና ከ24 በላይ። መብራቱ ቢጫ ሲሆን ማቆም አለ፣ ወይም ነጥብ ለማግኘት መጋጨትን አስይዞ መቀጠል። ከእያንዳንዱ ክፍል ግማሾቹ ብቻቸውን ተጫወቱ፣ ግማሾቹ ሁለት እኩዮቻቸው እያዩ። ታዳጊዎቹ እኩዮቻቸው ሲኖሩ የወሰዱት አደጋ እጥፍ ገደማ ሆነ። የመካከለኞቹ በግማሽ ያህል ጨመረ። አዋቂዎቹ ላይ ለውጥ አልታየም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው የሚብራራው። ለሽልማትና ለስሜት የሚነቃው የአንጎል ክፍል በጉርምስና መባቻ ላይ ይፈጥናል። የሚያመዛዝነውና የሚገታው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ይበስላል። ቤት ውስጥ ተረጋግቶ ሲያስብ የፊተኛው ክፍል ይበቃዋል። ጓደኞቹ ሲያዩት የሽልማቱ ክፍል ይግላል። ስለዚህ «አታውቅም ወይ?» ብለሽ ብትቆጪው ያውቃል። የሚጎድለው እውቀት አይደለም።

የጎረምሳ_እናት፦

ታዲያ ምን ላድርግ? ጓደኞቹን ልከልክለው?

የክፍሉ_መምህር፦

አይሆንም፣ በዚህ ዕድሜ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ኤሪክሰን «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ የዚህ ዘመን ዋና ሥራ ነው ይላል። ያንን ደግሞ ከእኩዮቹ ውጪ አይሠራውም። መለወጥ የሚቻለው ሁኔታው ነው። በብዙ አገሮች አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ታዳጊ እኩዮቹን ጭኖ እንዳይነዳ የሚከለክል ደንብ አለ። ደንቡ ምክር አይሰጥም፣ ልጁ የሚፈተንበትን ሰዓት ነው የሚያስቀረው። አንቺም ሞተሩ ማን ዘንድ እንደሚያድር፣ ቁልፉ ማን እጅ እንደሆነ፣ ማታ ማን እንደሚያመጣው ላይ ሥሪ። ሲረጋጋ ደግሞ ውሳኔውን አስቀድሞ ከአንቺ ጋር እንዲወስን አድርጊ። ለምሳሌ «ሦስተኛ ሆነህ እንድትወጣ ከጠየቁህ ደውልልኝ፣ ሳልቆጣ እመጣለሁ» በዪው። ከደወለልሽ ደግሞ በእውነት አትቆጪ።

አዋላጅ_ነርስ፦

መምህር በተናገሩት ላይ እንቅልፍን ልጨምር። በጉርምስና ጊዜ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን የሚመነጭበት ሰዓት ወደ ማታ ይዘገያል። ልጁ ቶሎ ተኛ ቢባል ቶሎ እንቅልፍ አይወስደውም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ታዳጊ የሚመከረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ማታ ዘግይቶ፣ ጠዋት በግድ ተነስቶ ከሄደ ያ የሚያመዛዝነው ክፍል ገና ከጠዋቱ ደክሟል። እህቴ፣ ስልኩ ማታ ከመኝታ ቤቱ ይውጣ፣ ጠዋት መጋረጃው ይከፈት። ስለ ሞተሩ የምታወሩትንም ተኝቶ ሲነሳ አድርጊው፣ ማታ ደክሞት ሳለ አይሁን።

የጎረምሳ_እናት፦

ቁልፉ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ ብለን እናወራለን። እግዜር ይስጥልኝ።